ኦክ እንጨት አልደርቅ አለኝ፣ ዊንተር ሳይገባ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሚኒሶታ)
ሰላም ወገኖች፣ አምና የገዛነው ቤት የእንጨት ምድጃ አለው፣ እና የጋዝ ቢል ይቀንስልን ብዬ ጁን ላይ አንድ ኮርድ (እዚህ ማገዶ የሚሸጥበት የክምር መለኪያ ነው) ፍልጥ ገዛሁ፣ አብዛኛው ኦክ ነው፣ ሻጩ ደረቅ ነው ብሎኝ ነበር። ጋራዡ ግድግዳ ላይ አስጠግቼ ሣሩ ላይ ደረደርኩትና ዝናብ እንዳይነካው በሸራ ከላይ እስከ ታች ጥቅልል አድርጌ ሸፈንኩት። ትናንት ስገልጠው ሸራው በውስጥ በኩል ላብ በላብ፣ የታችኛው ረድፍ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ለሙከራ ባነደው ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ሽሽሽ ሲል አመሸ እንጂ አልነደደም፣ ልጆቹ በጭሱ ሲያስላቸው አደሩ። እስከ ኖቬምበር ይደርቅልኛል?

የስዊድኗ
ወንድሜ ጉድ የሰራህ ሸራው ነው። እንጨትን የሚያደርቀው ንፋስ ነው፣ አንተ ደግሞ ሽውታ እንኳን እንዳይገባው አፍነኸዋል። ዛሬውኑ ግፈፈውና እንጨቱን ፓሌት (የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ) ላይ አንሳው፣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቀው፣ በአንድ ረድፍ ብቻ ደርድረው፣ ከዛ አናቱን ብቻ ሸፍነው ጎኑ ክፍት ይሁን። እኛ እዚህ በርች ነው የምናነደው፣ በረዶው እንደቀለጠ ፈልጠን ፀሐይና ንፋስ ያለበት ቦታ እንደረድረዋለን፣ በጋው ጥሩ ከሆነ ለመኸር ይደርሳል። ሳይፈለጥ ከተተወ ግን ቅርፊቱ ውሃውን ይዞት ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል።

ባለ መጥረቢያው
እሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ኦክ ዘንድሮ አይደርስልህም፣ ተፈልጦም አንድ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። የእርጥበት መለኪያ ግዛ፣ ውድ አይደለም። ፍልጡን ከውጭ እንዳትለካው፣ እንደገና ፍለጠውና አዲሱን ፊት ለካ፣ ከ20 ፐርሰንት በታች ካልሆነ አታንድደው። እርጥብ እንጨት ክሪዮሶት የሚባል እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ጭስ መውጫው ላይ ይጋግራል፣ እሱ ነው እሳት ይዞ ቤት የሚያቃጥለው። ስላነደድክበት ጭስ መውጫውን አስጠርገው፣ ይሄን ችላ እንዳትል በናትህ። ለዘንድሮ አሽ የሚባለውን ዛፍ እንጨት ፈልግ፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከመክፈልህ በፊት አንዱን አስፈልጠህ ለካ። ደሞ ከሩቅ አታስመጣ፣ የአሽ ዛፎቹን የሚጨርሰው ጥንዚዛ ከማገዶ ጋር ነው የሚዛመተው።

የደብረ ብርሃን ልጅ
እናቴ ባሕር ዛፍ እርጥቡን ነበር የምታስፈልጠው፣ ከደረቀ መጥረቢያ አይገባውም። ዝናብ ሳይጥል አንዱን በአግድም አንዱን በቁመት እያነባበረች ከጣሪያው ጥግ ስር ትከምረዋለች። መድረሱን የምታውቀው ሁለት ፍልጥ አጋጭታ ነው፣ ኳ ካለ ደርቋል፣ ድብ ካለ ገና ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። አንዱን ፈልጬ ለካሁት፣ 34 አለኝ። ዛሬ ሙሉውን አውጥቼ በአምስት ፓሌት ላይ ደረደርኩት፣ የከርሞ ሆነ በቃ። ቅዳሜ አሽ የሚሸጥ ሰው ጋ መለኪያውን ይዤ እሄዳለሁ፣ የጭስ መውጫ ጠራጊውም ማክሰኞ ይመጣል።