የመዝሙር ታሪክ ማሳመር ይፈቀዳል እንዴ? (ክርክር)

ጥያቄ አለኝ፦ ሰሞኑን እየዞረች ያለችውን ፖስት አይታችኋል አይደል? «ጆን ኒውተን መርከቡ በማዕበል ሲናወጥ ተንበርክኮ አሜዚንግ ግሬስን ጻፈ፣ ማዕበሉ ጸጥ ሲል የጫናቸውን ባሪያዎች ፈትቶ ለቀቀ» የምትለዋ። (ኒውተን ማለት አሜዚንግ ግሬስ የሚባለውን መዝሙር የጻፈው፣ ቀድሞ የባሪያ መርከብ ካፒቴን የነበረው እንግሊዛዊ ነው።) ሰው ሁሉ አሜን እያለ ሼር ያደርጋታል። ኧረ ወገኖች! ማዕበሉ 1748 ነው (የምጽፈው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። መዝሙሩ የተዘጋጀው ለ1773 የአዲስ ዓመት ጉባኤ ነው፣ ሰውየው ያኔ ኦልኒ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ቄስ ነበር። መሀል ላይ 25 ዓመት አለ። ያቺ በማዕበል የተመታችው መርከብ ደግሞ የጫነችው ሰም፣ የዝሆን ጥርስና እንጨት ነው፣ ማንን ነው ፈትቶ የሚለቀው? ካፒቴን ሆኖ ሦስት ጊዜ ሰው ጭኖ የተጓዘው እኮ ከዚያ ማዕበል በኋላ ነው። ያቆመውም 1754 ነው፣ እሱም ታሞ።

የጸጋ ልጅ፦ ወንድሜ ጸጋ ይብዛልህ፣ ግን ይሄን ያህል ምን አናደደህ? ያ መዝሙር ስንቱን ከመጠጥና ከተስፋ መቁረጥ እንዳወጣ እናውቃለን። ነፍስ እስካነጸ ድረስ 1748 ሆነ 1773 ለኔ ለውጥ የለውም።

ጥያቄ አለኝ፦ ነፍስ እስካነጸ ድረስ? ስለዚህ ያልተደረገ ነገር ተደረገ ብለን መድረክ ላይ ብናወራም ችግር የለውም ማለት ነው?

የጸጋ ልጅ፦ እንደዛ አላልኩም፣ አፌ ላይ ቃል አታስቀምጥ። ምስክርነት ሲነገር ያጥራል ነው ያልኩት። ሰው አምስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ ዘመን እየቆጠረ ይቁም?

ዝም አልልም፦ ሲያጥር 25 ዓመት ወደ አንድ ምሽት? ጎበዝ አሳጣሪ ነው በናትህ።

አልቶ፦ በዚህ ከሄድን የመጨረሻዋ «አሥር ሺህ ዓመት» የምትለዋ ስንኝም የኒውተን አይደለችም፣ ከሌላ መዝሙር መጥታ ነው የተቀጠለችው። ዜማውም ቢሆን ሰውየው ከሞተ በኋላ በ1835 ነው አሜሪካ ውስጥ ከግጥሙ ጋር የተጋባው። ማለቴ ዛሬ የምንዘምረውን አሜዚንግ ግሬስ ኒውተን ራሱ ሰምቶት አያውቅም።

የጸጋ ልጅ፦ ታዲያ እሱ ምን ጎዳን? አየሽ፣ ማን ጻፈው ማን ቀጠለው ሳንል ስንባረክበት ኖርን። ነፍስ አነጸ፣ አለቀ።

እህታችሁ ነኝ፦ አላለቀም ወንድሜ። ዓመተ ምሕረቱን ማንም ሊሳሳት ይችላል፣ እኔን የሚያመኝ የተዘለለው መሀል ነው። ሰውየው ከማዕበሉ በኋላ ጸሎተኛ ሆኗል፣ መሳደብ ትቷል፣ እሁድ እሁድ መርከበኞቹን ሰብስቦ አምልኮ ይመራል፣ ከእግሩ ስር ደግሞ ሰው በሰንሰለት ተደርድሮ ተኝቷል። በ1752 የመርከብ ማስታወሻው ላይ አመጽ አስባችኋል ተብለው የተያዙ ልጆችን በብረት አስሮ፣ እንዲናዘዙ ብሎ አውራ ጣታቸውን በመጭመቂያ እንዳስጨመቀ በራሱ እጅ ጽፏል፣ ያውም «በትንሹ» ብሎ። በኋላ ደግሞ ባሪያ ሊጭን ወደ ጊኒ (ምዕራብ አፍሪካ) ስላደረጋቸው የመጨረሻ ሁለት ጉዞዎቹ ሲጽፍ ከእግዚአብሔር ጋር ከዚያ የጣፈጠ ጊዜ አላውቅም ይላል። ይሄን ካነበባችሁ በኋላ ተመለሱና «ፈትቶ ለቀቃቸው» የምትለዋን ፖስት እዩአት። እነዚያን ልጆች ነው ከታሪኩ የፋቅናቸው፣ ለአሜን ስለማይመቹ።

ጋሽ መዘምር፦ ልጆቼ ሰላም ለናንተ ይሁን። የኔ ልጅ ያልሽው እውነት ነው፣ ግን ሰውየው አልካደም እኮ። በ1788 የባሪያ ንግድን ተቃውሞ ባሳተመው ጽሑፍ ኑዛዜው እንደዘገየ ራሱ ተናግሯል፣ ዛሬ ልቤ የሚንቀጠቀጥበት ሥራ ውስጥ እጄ ነበረበት ብሏል። ለባለሥልጣናቱም ቀርቦ ያየውን መስክሯል። የባሪያ ንግድን በፓርላማ የታገለው ዊልበርፎርስ ፖለቲካውን ልተወው ብሎ ሲመጣ ባለህበት ቆይ ያለው እሱ ነው። አንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ዝም አልልም፦ ጋሼ በአክብሮት ነው፣ የነገሩን ግን የኛን ነው የሚያጠናክረው። 1754 ንግዱን ተወ፣ 1788 በአደባባይ ተናገረ። 34 ዓመት። አሜዚንግ ግሬስ የተጻፈው በዚያ ዝምታ መሀል ነው። ይሄ እኮ ከማዕበሉ ተረት መቶ እጥፍ የሚያስፈራ ስብከት ነው፣ ማንም ግን አይሰብከውም።

ጋሽ መዘምር፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ስብከቱን የሚሰማው ሰው ሁሉ እንዳንተ የበሰለ አይደለም፣ አዲስ አማኝ አለ፣ ይሰናከላል።

የጸጋ ልጅ፦ ጋሼ ተባረኩ! እኔም ይሄንኑ ነው ያልኩት። ደግሞ ዳዊት ምን አደረገ? የሰው ሚስት ወሰደ፣ ባሏን አስገደለ፣ መዝሙሩን ግን ዛሬም እንጸልይበታለን። የዘማሪን ጓዳ ስትበረብሩ የሚዘመር ነገር አታገኙም።

እህታችሁ ነኝ፦ መልካም፣ ዳዊትን አንተ ነህ ያመጣኸው። መዝሙር 51ን ክፈት፣ ከመጀመሪያው ቃል በፊት አናቱ ላይ ምን ተጽፏል? ወደ ቤርሳቤህ ከገባ በኋላ ነቢዩ ናታን በመጣ ጊዜ ይላል። አዲስ አማኝ ይሰናከላል ብለው አልሰረዙትም። መዝሙሩን ተዉት ያለህ የለም፣ እንደዚያ ታሪኩን ሳትደብቁ ዘምሩት ነው የምንለው።

የጸጋ ልጅ፦ እሺ መዝሙሩን አቁሙ አላላችሁም፣ ገባኝ። ግን አነጋገራችሁ ሌላ ነው። አንድ ምስኪን ወንድም በቅንነት የለጠፈውን ስክሪንሾት አንስታችሁ መሳለቂያ ማድረግ ይሄ ፍቅር ነው?

ጥያቄ አለኝ፦ ስሙን አልጠራሁም፣ ስክሪንሾትም አልለጠፍኩም። ጥቅሷን ነው ያመጣሁት።

አልቶ፦ ከኒውተን እንውጣና ኢት ኢዝ ዌል ስለሚባለው መዝሙር ልጠይቃችሁ። የጻፈው ስፓፎርድ ነው፤ አራት ሴት ልጆቹ በኅዳር 1873 ከቪል ዱ አቭር መርከብ ጋር ሰጠሙበት፣ ሚስቱ «ብቻዬን ተረፍኩ» ብላ ቴሌግራም ላከችለት፣ ይሄ ሁሉ የተረጋገጠ ነው። መዝሙሩን ግን የት ጻፈው? በኋላ የተወለደችው ልጁ መርከቧ የሰጠመችበት ቦታ ሲደርስ እዚያው ባሕር ላይ ጻፈው ትላለች። የወንጌል ዘማሪው ሳንኪ ደግሞ በ1876 ቺካጎ ቤታቸው እንግዳ ሆኜ ሳለሁ ነው የጻፈው ይላል። ሁለቱም የቤት ሰው ናቸው። ማንን እንመን?

የጸጋ ልጅ፦ ልጁን ነዋ! ሳንኪ ምን አገባው?

አልቶ፦ ልጅቷ እኮ ያኔ አልተወለደችም፣ ሳንኪ ግን ቤቱ ውስጥ ነበር።

ዝም አልልም፦ ሦስት ዓመት ቆይቶ የጻፈው ከሆነ ለኔ እንደውም ይከብዳል። ባሕር ላይ ሲሆን በስሜት ነው ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐዘኑ ቤት ውስጥ ቁጭ ካለ በኋላ «ነፍሴ ሰላም ናት» ማለት ሌላ ነገር ነው። ደግሞ የታሪኩ ቀሪ ለምን አይነገርም? በ1880 ትንሹ ወንድ ልጃቸውም በበሽታ ሞተ፣ በ1881 ተከታዮቻቸውን ይዘው ኢየሩሳሌም ገብተው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። እዚህ ጋ ሲደርሱ ሰባኪዎቻችን ሁሉ ሰዓት ያልቅባቸዋል።

ጥያቄ አለኝ፦ ሮክ ኦፍ ኤጅስ የሚባለው መዝሙርስ? ጸሐፊው ቶፕሌዲ ዝናብ ይዞት የአለት ስንጥቅ ውስጥ ተጠልሎ መጫወቻ ካርታ ላይ ጻፈው ይባላል። አንድም የዘመኑ ማስረጃ የለም። የሚታወቀው በ1776 መጽሔት ላይ ሲወጣ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ የአገር ዕዳን ከሰው ኃጢአት ጋር የሚያነጻጽር ጽሑፍ ማሳረጊያ ሆኖ ነው የወጣው። በየሰከንዱ አንድ ኃጢአት ብሎ አስልቶ 80 ዓመት የኖረ ሰው 2,522,880,000 ዕዳ አለበት ይላል፣ ከዚያ መዝሙሩ ይከተላል። በናታችሁ ከዝናቡና ከካርታው ይሄ አይበልጥም? ያ ሁሉ ቁጥር ከተቆለለ በኋላ በእጄ ምንም አልያዝኩም የሚለው ስንኝ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚከብድ!

ጋሽ መዘምር፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ያውም ቶፕሌዲ ከሜቶዲስቶቹ መሪ ከዌስሊ ጋር የሚጣላበት ዘመን ነው።

አልቶ፦ አዎ ጋሼ፣ ዛሬ ግን የሁለቱንም በአንድ ጥራዝ ይዘን በአንድ ጉባኤ እንዘምራለን።

የጸጋ ልጅ፦ እናንተ ሰዎች የመዝሙር ሒሳብ ሹም ሆናችኋል። ፋኒ ክሮዝቢ ዓይነ ስውር ሆና ከ8,000 በላይ መዝሙር ጻፈች፣ በሷስ ምን ስህተት ታወጡባት ይሆን?

ዝም አልልም፦ በሷ ምንም። ግን ከ8,000ው ስንቱን ታውቃለህ? በግጥም አንድ ሁለት ዶላር እየተከፈላት ነው የምትጽፈው፣ ስሟ ከገጽ ገጽ እንዳይደጋገም አታሚዎቹ በብዙ የብዕር ስም ያወጡት ነበር። አብዛኛው ተረስቷል፣ ይረሳ ዘንድም ይገባል።

እህታችሁ ነኝ፦ ኧረ አንተ ደግሞ አሁን አበዛኸው! ይረሳ ዘንድ ይገባል? ብሌስድ አሹራንስን የጻፈች ሴት ናት። ጓደኛዋ ዜማውን ስትጫወትላት ምን ይላል ብላ ስትጠይቃት ነው እዚያው የመለሰችላት።

ዝም አልልም፦ ይሄን ታሪክስ ማን ነው የነገረን? ራሷ አይደለች?

እህታችሁ ነኝ፦ ራሷ ናት፣ እና?

ዝም አልልም፦ ስፓፎርድ ላይ ማስረጃ፣ ክሮዝቢ ላይ ቃሏ ይበቃል ማለት ነው?

እህታችሁ ነኝ፦ የራሷን የጸሐፊዋን ቃልና መቶ ዓመት ቆይቶ ማንም የለጠፈውን ፖስት አንድ አታድርግ! አንተ ሰው የምትከራከረው ለመከራከር ነው እንዴ?

የጸጋ ልጅ፦ ሃሃሃ አሁን እርስ በርስ ተያዙ።

ጥያቄ አለኝ፦ አንተ አትሳቅ፣ ያቺን ፖስት አሁንም ገጽህ ላይ አየኋት። ሲሆን ሲሆን 1754ን ከስሯ ጻፍባት።

የጸጋ ልጅ፦ አልጽፍም። አንተ የራስህ ገጽ ላይ ጻፍ፣ ማን ከለከለህ?