በጡረታ ገንዘቤ ቤት ልግዛ? ልጄስ ትግባበት?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሰላም ወገኖች። 54 ዓመቴ ነው። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ 401 ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ሒሳብ) ውስጥ የቀረ 140,000 ዶላር አለኝ። አንድ የማኅበራችን ሰው «ሰልፍ ዳይሬክትድ አይአርኤ፣ ማለትም ምን እንደሚገዛበት ራስህ የምትወስንበት የግል የጡረታ ሒሳብ፣ ክፈትና ቤት ግዛበት፤ ታክስም ቅጣትም የለው» አለኝ። ባልቲሞር አንዲት ቤት አይቻለሁ። ልጄ እዚያ ስለምትማር ትገባበታለች፤ ኪራይም ትከፍላለች። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ እሱን እኔው እሠራዋለሁ። ምን ትላላችሁ?

ታክስ ሠሪው፦
ወንድሜ፣ ሰውዬው ግማሹን ነው የነገረህ። ቤት መግዛት ይቻላል። ልጅህ ግን ሙሉ ኪራይ ብትከፍልም መግባት አትችልም። አንተ፣ ባለቤትህ፣ ወላጆችህ፣ ልጆችህና የልጅ ልጆችህ፣ የእነሱ ባልና ሚስትም ጭምር፣ ቤቱን መጠቀም ክልክል ነው። አንተ መሰላል ይዘህ ጣሪያ ላይ መውጣትህም አይፈቀድም። ቤቱ የሒሳቡ እንጂ ያንተ አይደለማ! ሕጉን ከጣስክ ሒሳቡ በሙሉ ከዚያ ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ወጪ እንደተደረገ ይቆጠራል። ታክሱ አለ፤ 59 ዓመት ተኩል ስላልሞላህ ደግሞ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል።

ገንዘቡን ከ401 ኬ ወደ አይአርኤ ስታዛውር ቼኩ በስምህ አይጻፍ፤ ከድርጅት ወደ ድርጅት በቀጥታ ይሂድ። ለአንተ ከተከፈለ 20 በመቶ ቆርጠው ያስቀራሉ። አንተ ግን የተቆረጠውን ከኪስህ ሞልተህ በ60 ቀን ውስጥ ሙሉውን ማስገባት አለብህ።

የአትላንታዋ፦
እኔ አድርጌዋለሁ። ያለኝን ሁሉ ቤቱ ላይ አፈሰስኩት፤ ሒሳቡ ውስጥ የቀረው 600 ዶላር ነበር። ዲሴምበር ላይ የውሃ ማሞቂያው ፈነዳ። ከኪሴ ልክፈል ብል አይቻልም፤ የቤቱ ወጪ ሁሉ ከሒሳቡ ነው የሚወጣው። መዋጮ ላስገባ ብል በዓመት ማስገባት የሚፈቀደውን መጠን ጨርሻለሁ። የወሩ ኪራይ እስኪገባ፣ ፎርም ሞልቼ ሒሳቡን የያዘው ድርጅት ለቧንቧ ሠራተኛው እስኪከፍል 11 ቀን አለፈ። ተከራዬ ልጆቿን በድስት ውሃ እያሞቀች ስታጥብ ከረመች። እስካሁን ያሳፍረኛል። ስለዚህ ወንድሜ፣ 140,000 ካለህ የ140,000 ቤት አትግዛ።

ወርቅ ወዳዱ፦
ቤት ጣጣ ነው። በሒሳቡ ገንዘብ የወርቅ ሳንቲም ገዝቶ ቤት ውስጥ ካዝና ማስቀመጥ አይሻልም?

ታክስ ሠሪው፦
እንዳታደርገው! አሜሪካን ኢግል የተባለውን የአሜሪካ መንግሥት ሳንቲም መግዛት ይፈቀዳል። ግን ባንክ ወይም ፈቃድ ያለው ጠባቂ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። በ2021 የታክስ ፍርድ ቤት ሳንቲሞቹን ቤቷ ያስቀመጠች አንዲት ሴት ላይ ፈርዶባታል፤ እንደወጣ ገንዘብ ታክስ ተጠየቀችበት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሒሳቡን የሚይዘው ድርጅት ያዘዝከውን ይገዛል እንጂ ዕቃው ጥሩ ይሁን ማጭበርበሪያ አይመረምርልህም። «የተረጋገጠ ትርፍ» የሚልህን ሰው ራቀው።

የዳላሷ፦
እናቴ አዲስ አበባ የምትኖርበትን ቤትስ በዚህ መግዛት ይቻላል?

ታክስ ሠሪው፦
እናትሽም ክልክሉ ውስጥ ናቸው እህቴ። ቤቱ የትም አገር ቢሆን ለውጥ የለውም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ መጋረጃ ሁሉ መርጣ ነበር፤ እነግራታለሁ። ወንድሜስ ቢከራየው?

ታክስ ሠሪው፦
ወንድምና እህት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ግን በገበያ ዋጋ ይሁን። ኪራዩም ወደ ሒሳቡ ነው የሚገባው፤ በስምህ እንዳይጽፈው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እሱማ ያበደርኩትን 3,000 ዶላር እንኳ ገና አልመለሰም። የውጭ ተከራይ እፈልጋለሁ።