ጥቆማ፦ ለ16 ዓመቷ ልጄ የመጀመሪያ መኪና (ሰሜን ቨርጂኒያ)

የስፕሪንግፊልድ እናት፦
ሰላም ወገኖቼ። ትልቋ ልጄ 16 ዓመት ከ2 ወር ሆናት። ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ከያዘች 9 ወር ሊሞላት 5 ሳምንት ቀርቷታል። የሚጠየቀውን 45 ሰዓት አጠገቧ ተቀምጠን ነድታ ጨርሳለች። ከጨለመ በኋላ ያለውን 15 ሰዓት ያስነዳት አባቷ ነው፤ እኔ ማታ ማታ ልቤ አይችልም። አሁን ለትምህርት ቤትና ለቅዳሜ ሥራዋ የምትሆን ያገለገለች መኪና ልንገዛላት ነው። 9,000 ዶላር አለን፤ ግማሹ ባለፈው ወር የደረሰኝ ዕቁብ ነው።
ሦስት ነገር ጠቁሙኝ። የትኛው መኪና ይሻላል? ኢንሹራንሷን በእኛ ላይ ላስጨምር ወይስ ለብቻዋ ላውጣላት? ከመክፈላችን በፊት መኪናውን የሚያይልን የታመነ መካኒክስ አሌክሳንድሪያ ወይም ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ማን አለ? መኪና የማይሸጥ፣ መካኒክ ብቻ የሆነ ሰው ነው የምፈልገው።

ባለካምሪው፦
ቶዮታ ግዢ። አለቀ። ካምሪ ወይም ኮሮላ። የኔዋ የ2010 ካምሪ 241,000 ማይል ሄዳለች። ከዘይት፣ ከጎማና ከፍሬን ሸራ በቀር ምንም አላወጣሁባትም።

የሆንዳ ወዳጅ፦
ሲቪክም ከዚያ አታንስም እኮ። ቶዮታ ስለተባለ ብቻ 1,500 ዶላር መጨመር ምን ማለት ነው? እህቴ፣ ስም አትግዢ። የማን እጅ ላይ እንደነበረች፣ ዘይቷ በሰዓቱ ይቀየር እንደነበር ጠይቂ። ደረሰኝ ያለው ሰው ከተገኘ እሱ ነው ሀብቱ።

ባለካምሪው፦
241,000 ማይል።

የዉድብሪጁ አባት፦
እህቴ፣ መኪናው ቶዮታም ይሁን ሆንዳ መጀመሪያ የኔን ስሚ። አምና ለልጄ ከአንድ ዲለር ገዛሁ። ዓርብ ማታ ነበር፤ ዝናብ ይጥላል። መኪናዋ ታጥባ ታበራለች፤ ውስጧ ሽቶ ሽቶ ይላል። ልጄ ቀይ መሆኗን አይቶ ልቡ ሄደ። ሻጩ የኛው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ለገዛ ወንድሜ የምገዛት መኪና ናት» አለኝ። 8,400 ዶላር ከፈልኩ። መስኮቷ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አይቼዋለሁ፣ ግን ትርጉሙ ሳይገባኝ ፈረምኩ።
በ4ኛው ቀን ቼክ ኢንጅን በራ። በ3ኛው ሳምንት ልጄ 395 ላይ እየነዳ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። ከመሃል መስመር ወደ ዳር እስኪወጣ ድረስ ስልኩ ክፍት ነበር። «አባዬ፣ አትሄድም፣ አትሄድም» ሲል የነበረው ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ካምቢዮዋ አልቋል። 4,200 ዶላር ተባልኩ።

የአናንዴል ልጅ፦
የትኛው ዲለር ነው? ስሙን ጻፈው፣ ሌላው ይትረፍ!

የዉድብሪጁ አባት፦
አልጽፍም ወንድሜ። ጉዳዩ ገና አላለቀም።

ቨርጂኒያ 22 ዓመት፦
ሰው ሳያነብ ይፈርምና እዚህ መጥቶ ዳኛ ይፈልጋል። «አዝ ኢዝ» ማለት እንዳለ ተረከብ ማለት ነው። ደግሞስ ለ16 ዓመት ልጅ መኪና ምን ይሠራል? አውቶቡስ የለም እንዴ አገሩ ላይ?

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ሰውየው ልጁ ሃይዌይ ላይ ቀርቶበት ነው የሚያወራው። እንዲህ አይባልም። አውቶቡሱን ደግሞ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሥራ የምትገባ ልጅ ያላት እናት ታውቀዋለች።

የድሮ መካኒክ፦
የዉድብሪጁ ወንድሜ፣ አይዞህ። የደረሰብህን በደንብ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ 11 ዓመት፣ እዚህ 14 ዓመት መካኒክ ነበርኩ፤ ወገቤን አሞኝ ነው የተውኩት። ለእህታችንም ስለሚጠቅማት ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።
የቼክ ኢንጅን መብራት ማጥፋት ቀላል ነው። ባትሪውን መንቀል ወይም ኮዱን በስካነር ማጥፋት ይበቃል። በሽታው ግን እዚያው ነው። መብራቱ ሲጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር ምርመራውን ከዜሮ ይጀምራል። ያንን እስኪጨርስ ድረስ ሞኒተር የሚባሉት «ያልተዘጋጀ» እያሉ ይቆያሉ። 20 ዶላር የምትገዛ ስካነር ይህን ታሳያለች። መሪው ሥር ትሰኪያታለሽ፣ ስልክሽ ላይ ታነቢያለሽ። ብዙዎቹ «ያልተዘጋጀ» ካሉ ሰውየው በቅርቡ የሆነ ነገር አጥፍቷል ማለት ነው፤ አለዚያም ባትሪው በቅርቡ ተቀይሯል። የትኛው እንደሆነ ጠይቂው፣ ሲመልስም ፊቱን እያየሽ ይሁን። እንደዚያ ሆኖ ከተገዛ ደግሞ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ኢሚሽን (የጭስ ምርመራ) ላይ ይመልሱሻል።
ሽቶው ደግሞ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ጎርፍ የገባበት መኪና ታጥቦ ሽቶ ተረጭቶ ይሸጣል። የወንበር ቀበቶውን እስከመጨረሻው ሳቢው። ዕለት ዕለት የሚታየው ክፍል ንጹሕ ሆኖ ከውስጥ የሚወጣው ጫፍ ላይ የጭቃ መስመር ካለ ውሃ ገብቶበታል። ስኮርታ ጎማውንም አንሺና ከሥሩ ደለል ወይም ዝገት እንዳለ እይ። ወንበሩን ከወለሉ ጋር የያዙትን ብሎኖችም ተመልከቺ።
ሌላው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሺ። ስትደርሺ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው። ከሞቀ አስቀድመው አስነስተውታል፤ በብርድ ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ እንዳትሰሚ ነው። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብለሽ ሂጂ።

የዉድብሪጁ አባት፦
ይህንን አምና ባነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ስምሽ ላይ ሲዞር የኢንስፔክሽን ወረቀት ግዴታ ነው። ሻጩ ያንን ካመጣ ምንም አትስጊ።

የሆንዳ ወዳጅ፦
እሷ እኮ ቨርጂኒያ ናት። እዚህ በየዓመቱ ነው፤ ስቲከሩ መስታወት ላይ ይለጠፋል።

የድሮ መካኒክ፦
የሁለቱም ስቴት ኢንስፔክሽን ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ መሪ ነው የሚያየው። ሞተሩ ደህና ነው፣ ካምቢዮው ደህና ነው አይልሽም። ስቲከር አይተሽ አትግዢ። ከ150 እስከ 200 ዶላር ከፍለሽ የራስሽ ሰው መኪናውን ከፍ አድርጎ ከሥር ይየው። ሻጩ «ከዚህ አይወጣም፣ መካኒክም አላስነካም» ካለሽ መልስሽን አግኝተሻል።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
መካኒክ ካላችሁ አይቀር ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ያለው የኛ ልጅ ዘንድ ሂጂ። 15 ዓመት መኪናዬን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ሥራው ወርቅ ነው። ኢንቦክስ አድርጊኝ፣ ስልኩን እሰጥሻለሁ።

የኤድሳል ሮድ ደንበኛ፦
ኤድሳል ሮድ ያለውን ሳታይ አትወስኚ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጅሽ ያስይዝሻል። ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። የኔም ኢንቦክስ ክፍት ነው።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
የኛ ልጅ ፎቶ አያስፈልገውም። ቃሉ ይበቃል።

የኤድሳል ሮድ ደንበኛ፦
እሷ እኮ አታውቀውም፣ ቃሉን በምን ትመን? እኔ መረጃ ነው ያልኩት።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
15 ዓመት ከዚህ በላይ ምን መረጃ አለ?

ሌሊት ነጂ፦
ኢንሹራንስ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ቨርጂኒያ 500 ዶላር ለዲኤምቪ (ለመንጃ ፈቃድና ለመኪና ምዝገባ ቢሮው) ከፍለሽ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቅዳል።

ኢንሹራንስ ቤት የምሠራው፦
አይ፣ እባካችሁ ይህ ቀርቷል። ከጁላይ 1፣ 2024 ጀምሮ የለም። ማንም ያለ ኢንሹራንስ አይነዳም።
እህቴ፣ ሁለተኛ ጥያቄሽን ማንም አልመለሰውም፤ ልመልስልሽ። በእናንተ ፖሊሲ ላይ ጨምሪያት። የ16 ዓመት ልጅ ለብቻዋ ስታወጣ ብዙ ጊዜ እጅግ ይወደዳል። ታይትሉም (የባለቤትነት ወረቀቱ) በአንቺ ወይም በአባቷ ስም ይሁን። ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ የቨርጂኒያ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ዝቅተኛው ነው እንግዲህ። ልጅሽ የሰው አዲስ መኪና ብትገጭ 25,000 አይበቃም። ቤት ካላችሁ ከፍ አድርጉት። ከፍ ለማድረግ የሚጨመረው ገንዘብ ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም።
የራሷን መኪና የሚጠግነው ኮሊዥን የሚባለው ነው። ያንን መውሰድ አለመውሰድ በእናንተ ነው። መኪናዋ ተጋጭታ ከጥቅም ውጪ ብትሆን ሌላ 8,000 ዶላር ከየት እናመጣለን ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ከሌለ ውሰጂው፤ ዲደክቲብሉን (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስሽ የምትከፍይውን) 1,000 አድርጊውና ወርኃዊው ይቀንስልሽ። የትምህርት ቤት ውጤቷ በአማካይ ቢ ከሆነ ሪፖርት ካርዷን ላኪላቸው፤ ብዙዎቹ ይቀንሳሉ። ካልላክሽ ግን ማንም አይጠይቅሽም።
አንድ ነገር ከልቤ ልለምንሽ። ላይሰንስ ያገኘች ቀን ንገሪያቸው። ዋጋ እንዳይጨምር ብለው ልጃቸውን የሚደብቁ ወላጆች አሉ። አደጋ ሲደርስ እኔ ፊት ሆነው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ሌሊት ነጂ፦
አመሰግናለሁ፣ የ500ውን አላወቅሁም ነበር። እኔ ኡበር ስለምሠራ ልጄን በኔ መኪና ላይ ማስገባት ይቻላል?

ኢንሹራንስ ቤት የምሠራው፦
በኢንቦክስ ጻፍልኝ፤ የአንተ ለየት ይላል።

ኖቫ ተማሪ፦
እትዬ፣ እኔ 20 ዓመቴ ነው፣ ከ4 ዓመት በፊት ልክ እንደ ልጅዎ ነበርኩ። ስለ ማይል ብቻ ነው ሰው የሚያወራው፤ ስለ ደኅንነቱ ማንም አላነሳም። ከ2012 ሞዴል በታች አይግዙ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው መኪና መንገድ ስቶ ሲንሸራተት የሚያስተካክለው ስታቢሊቲ ኮንትሮል አሜሪካ ውስጥ በሁሉም ላይ ግዴታ የሆነው። ከዚያ በፊትም ያላቸው አሉ፣ ግን ማጣራት ይጠይቃል። የኋላ ካሜራ ግዴታ የሆነው ገና በ2018 ነው፤ በዚህ ገንዘብ ላያገኙ ይችላሉ። አይ አይ ኤች ኤስ የሚባለው የደኅንነት ተቋም ከኮንሲውመር ሪፖርትስ ጋር ለወጣት ነጂ የሚሆኑ ያገለገሉ መኪኖችን በዋጋ ለይቶ በነጻ ያወጣል፤ እሱን ይዩት።
ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የመኪና መለያ (ቪን) ደግሞ የመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡት። ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው እንዲታረም የጠራው ጉድለት) ካለ ይነግርዎታል፣ የመኪናው ኩባንያ ዲለርም በነጻ ይሠራል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ባሉ ሆንዳዎች ላይ የታካታ ኤርባግ ሰው ገድሏል። በቁልፍ የሚነሱ የ2011 እስከ 2021 ኪያና ሃዩንዳይ ካዩ ደግሞ ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር (ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርገው) የላቸውም፤ ለሌባ ቀላል ናቸው። ከ2023 ጀምሮ ነጻ የሶፍትዌር ማሻሻያ ስለሚሰጡ ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ።
ላይሰንሱን በፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓት ነው የሚሰጧት፤ አብረው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ዓመት ከ21 ዓመት በታች የሆነ ጓደኛ ከአንድ በላይ መጫን አትችልም፣ 18 ዓመት እስኪሞላት ድረስም ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት አትነዳም። ዳኛው ይነግሯታል፤ ግን ቤት ውስጥም ደግመው ይንገሯት። እኔን እናቴ ስትደግምልኝ ነው የገባኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ተባረክ ልጄ። እናትህ አሳድገውሃል።

ባለካምሪው፦
ኮሮላ የ2013 ወይም የ2014። እንዳልኩት።

አዲስ አበባ ሄጄ መጣሁ፦
ልጅቷ ኮሌጅ ስትገባ ቶዮታዋን አገር ቤት ብትልኪያት ያዋጣሻል። እዚያ ቪትዝ እንኳን ስንት እንደገባች ታውቃላችሁ?

የአናንዴል ልጅ፦
ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት ተከልክሏል እኮ፤ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ሄጄ መጣሁ፦
ለተመላሽ ዳያስፖራም?

የስፕሪንግፊልድ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ አንድም ሳላስቀር አነበብኩ። ትናንት ማናሳስ ሄደን አንድ የ2013 ኮሮላ አየን፤ ባለቤቷ ራሱ ነው የሚሸጣት። 118,000 ማይል፣ 7,900 ዶላር። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር። ቀበቶውንም ስቤዋለሁ፣ ንጹሕ ነው። ልጄ ስካነሩን ሰክታ ስታነብ ሁለት ሞኒተር «ያልተዘጋጀ» አለ። ሰውየው ባትሪ የቀየርኩት ባለፈው ሳምንት ነው ብሎ ደረሰኝ አሳየኝ። ጎማው ላይ ደግሞ 1417 የሚል ቁጥር አይቻለሁ፤ ምን ማለት ነው?

የድሮ መካኒክ፦
ጎበዝ! ዶት ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ናቸው። በ2017 14ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ አርጅቷል፤ ዝናብ ላይ ፍሬን አይዝልሽም። አራቱንም ትቀይሪያለሽ፣ ስለዚህ ከ7,900 ላይ ይቀንስልሽ። በዚያ ላይ 4.15 በመቶ የሽያጭ ታክስ ለዲኤምቪ ትከፍያለሽ፤ በ7,900 ላይ 328 ዶላር ገደማ ነው። የናንተው የፌርፋክስ ካውንቲ የመኪና ታክስም በየዓመቱ ኦክቶበር 5 ይመጣል።
ደረሰኙ እውነት ከሆነ የባትሪው ነገር ያስኬዳል። ቢሆንም ቀብድ አትስጪ። ሳምንቱን ይንዳትና ቅዳሜ ደግመሽ ስካን አድርጊ። አሁንም ሁለቱ ካልተዘጋጁ ወይም መብራቱ ከበራ ተያት። ብቻሽን መሄድ ካስጠላሽ ማናሳስ ለኔ ቅርብ ነው፤ ባትሪ መብራቴን ይዤ እመጣለሁ፣ ከሥሯም አይልሻለሁ። ገንዘብ አልፈልግም።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
የኛን ልጅ ሳታሳያት እንዳትከፍይ ብቻ።

የዉድብሪጁ አባት፦
የድሮ መካኒክ፣ ቅዳሜ ወደ ማናሳስ ስትመጣ የኔንም ልጅ መኪና ብታይልኝ? ካምቢዮው ከተሠራ ወዲህ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አሁንም ትንሽ ትነጥራለች።