የአዳማ ዙሪያ መስኖ ማኅበራት የጋራ ዕቅድ፦ የአየር ሁኔታ ጣቢያ አንቀጽ ላይ ውይይት

ጸሐፊ
የተከበራችሁ አባላት፣ በረቂቁ አንቀጽ 3 ላይ የሰፈረው «ለእያንዳንዱ ማኅበር አንድ፣ በድምሩ 6 አነስተኛ አውቶማቲክ ጣቢያ ይገዛ» የሚል ነው። የምንፈልገው የሽንኩርትና የቲማቲም የቀን ውሃ መጠን ለማስላት፣ ለርጭት የሚሆን ሰዓት ለመምረጥና የቅጠል በሽታ አስጊ ሲሆን ቀድሞ ለማወቅ ነው። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ስጡ።

የመስኖ ባለሙያ
ቁጥሩ ቢስተካከል እላለሁ። የፀሐይ ጨረርና ሙቀት በአንድ ሜዳ ላይ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ብዙ አይለያዩም። ዝናብ ግን ይለያያል፤ በክረምት አንዱ ማሳ ርሶ ጎረቤቱ ደርቆ ይውላል። ስለዚህ 2 የተሟሉ ጣቢያዎችና 6 በእጅ የሚነበቡ የዝናብ መለኪያዎች ይሁኑ። የተሟላ የምለው ሙቀት፣ እርጥበት፣ ንፋስ፣ የፀሐይ ጨረርና ዝናብ የሚለካውን ነው። ከእነዚህ የጨረር መለኪያ የሌለውን ጣቢያ መግዛት ለእኛ ትርፍ የለውም፤ የትነት ስሌቱ ዋና ግብዓት እሱ ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ጣቢያው የቀኑን የማጣቀሻ ትነት፣ ማለትም ውሃ ያልጎደለው አጭር ሣር በቀን የሚያጣውን ውሃ፣ 5.2 ሚሊ ሜትር ካለ፣ እድገቱ መካከል የደረሰ ሽንኩርት በሰብሉ ማባዣ በ1.05 ተባዝቶ 5.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። በሄክታር ወደ 55 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከቦዩ ውሃ ማሳ የሚደርሰው 60 በመቶው ብቻ ከሆነ 91 ሜትር ኩብ መልቀቅ አለብን።

የቴክኒክ ኮሚቴ
በቁጥሩ እስማማለሁ፤ የሚያሳስበኝ የሚተከልበት ቦታ ነው። ጣቢያው ከፓምፕ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወይም ከተደመደመ ባዶ መሬት ላይ ከቆመ ሙቀቱን ከፍ፣ እርጥበቱን ዝቅ አድርጎ ያነባል። ትነቱ ይጋነናል፣ እኛም ውሃ እናበዛለን። በወንጂ በኩል የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ይህ ስሕተት ጨውን ወደ ላይ ያመጣል። ስለዚህ ጣቢያው የሚቆመው አጭርና ውሃ የሚጠጣ ሣር ላይ ይሁን፤ የሙቀት መለኪያው በጥላ መከለያ ውስጥ 2 ሜትር ላይ፣ የዝናብ መለኪያው አፍ 1 ሜትር ላይ።

ንፋሱ ከሚመጣበት ወገን ከቆመ ዛፍ፣ ቤት ወይም ሰብል የሚኖረው ርቀት ቢያንስ የከለላው ቁመት 10 እጥፍ ነው። 3 ሜትር የሚያድግ አገዳ ባለበት 30 ሜትር ይጠበቃል፤ ዛሬ የተቆረጠ ማሳ ባዶ ቢመስልም በኋላ ያድጋል። አጥሩ የሽቦ መረብ እንጂ ቆርቆሮ አይሁን፤ ቆርቆሮ ንፋሱን ይዘጋል።

ገንዘብ ያዥ
ወንድሜ፣ ሁሉም መለኪያ በአንድ አካል ውስጥ የታሸገው ዓይነት ለመትከል ቀላል ነው ይሉናል። እሱን ለምን አንመርጥም?

የቴክኒክ ኮሚቴ
ተገቢ ጥያቄ ነው። የታሸገው ዓይነት ብዙ ጊዜ ንፋስን የሚለካው በድምፅ ሞገድ ነው፤ የሚሽከረከር ክፍል ስለሌለው የአዳማ አቧራ ኩሽኔታ አይጨርስበትም። ችግሩ አንዱ መለኪያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሙሉው አካል ተነቅሎ መላክ አለበት። መለኪያው በየራሱ የሚፈታ ሲሆን የተበላሸውን ብቻ እንለውጣለን። የእርጥበት መለኪያው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት መዛባቱ ስለማይቀር ይህ ለእኛ ይበጃል። በውሉ ላይም ጥሬው መረጃ የእኛ እንደሆነና የአገልግሎት ክፍያ ቢቋረጥ እንኳ ከመመዝገቢያው በቀጥታ መቅዳት እንደምንችል ይጻፍ።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ
ለርጭት የንፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ3 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጥሩ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ይህ እምብዛም አይገኝም። ግን ንጋት ላይ ፍጹም ጸጥ ሲልም አትርጩ፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ጠብታው ተንጠልጥሎ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል። የቅጠል እርጥበት መለኪያው ከሣሩ ሳይሆን ከሰብሉ መካከል ይቀመጥ።

የመስኖ ባለሙያ
ሰዓቱን አንርሳ። መመዝገቢያው ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ቀድሞ ይሞላ። በእጅ የሚነበበው ዝናብ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበባል፣ መሣሪያው ግን 9 ይለዋል። የዝናብ ቀን ከጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል፣ የትነት ቀን ከእኩለ ሌሊት። ይህ ካልተለየ የአንዱ ቀን ዝናብ በሌላው ቀን ላይ ይደመራል።

የቴክኒክ ኮሚቴ
ጥገናውም በገንዘብ ይያዝ። የጨረር መለኪያው መስታወት በየሳምንቱ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። ፍጹም ጥርት ባለ የበጋ ቀን ንባቡ ከከባቢ አየር በላይ ከሚገኘው ጨረር 78 በመቶ ገደማ መሆን አለበት፤ በጣም ካነሰ አቧራ ነው ወይም መለኪያው አዘንብሏል። አውቶማቲኩ የዝናብ መለኪያ ደግሞ ከክረምት በፊት ይፈተን፦ አፉ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና በ0.2 ሚሊ ሜትር የሚገለበጥ ከሆነ 628 ሚሊ ሊትር ውሃ በግሉኮስ ማንጠባጠቢያ ለአንድ ሰዓት ያህል ይፍሰስበት። መቶ ጊዜ መገልበጥ አለበት። በጣም ካነሰ ሸረሪት ድር ወይም ጭቃ ይዞታል፤ በፍጥነት ከፈሰሰም ያንሳል፣ ያ ግን የመሣሪያው ብልሽት አይደለም።

ጸሐፊ
አንቀጽ 3 እንዲህ ተስተካክሏል፦ 2 የተሟሉ ጣቢያዎች፣ መለኪያቸው በየራሱ የሚፈታ፤ 6 የእጅ ዝናብ መለኪያዎች፣ ከእነዚህ 2ቱ ለማነጻጸሪያ ከጣቢያዎቹ አጠገብ፤ ምትክ የእርጥበት መለኪያ 2፣ ምትክ ባትሪ 2። ሣሩን የሚያጠጣውና መስታወቱን የሚጠርገው ሰው ማን እንደሆነ ሁለቱ ቦታ ሰጪ ማኅበራት እስከ ዓርብ ያሳውቁን፣ በአንቀጽ 5 ላይ እንዲሰፍር።