ጀርመን ነኝ፣ መጽሄት ጽሁፌን ተቀብሎ ኢንቮይስ ላኪ አለኝ፣ ወረቀቴ ይፈቅድልኛል?

የሞጣዋ፦
ሰላም ያገሬ ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ጀርመን ነው ያለሁት፣ የመኖሪያ ፈቃዴ አረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጥሬ በምሰራበት ስራ የተሰጠ ነው። አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበርኩ፣ ስለ ህንጻና ስለ ቤት ውስጥ አሰራር ነበር የምጽፈው፣ እዚህም በትርፍ ሰዓቴ ቀጠልኩበት። አሁን አንድ የአርክቴክቸር መጽሄት ስለ ባህር ዳር ፕላን የጻፍኩትን ተቀበለኝ፣ ፕላኑን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰሩት እዚሁ የዳርምሽታት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ማክስ ጉተር ናቸው። ከዛ ጋር የጎጃም ጭቃ ቤት ውስጡ ምን እንደሚመስል ብዬ የእናቴን ቤት ፎቶ ጨምሬ ላኩላቸው፣ እሱን ከሁሉ ወደዱት። ኤዲተሯ ኢንቮይስ ማለትም የክፍያ መጠየቂያና የታክስ ቁጥር ጠየቀችኝ፣ ከካርዴ ጋር የተሰጠኝ ወረቀት ግን የግል ስራ አይፈቀድም ይላል። ገንዘቡን ብቀበል ፈቃዴ ይበላሽብኛል? መተው ደግሞ አልፈልግም፣ ከመጣሁ ጀምሮ የተመኘሁት ነው።

ዳሞት ቨርጂኒያ፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ አትጨነቂ ቀላል ነው። እኛ ጋ አሜሪካ ደብሊው ናይን የሚባለውን የታክስ ፎርም ሞልተሽ ትሰጫቸዋለሽ፣ እነሱ ታክስ ሳይቆርጡ ሙሉውን ይከፍሉሻል፣ ሲሶውን ለብቻ አስቀምጪ ምክንያቱም ከገቢ ታክሱ ሌላ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 ፐርሰንት ራስሽ ነሽ የምትከፍይው፣ በዓመት 4 ጊዜ ከፋፍለሽ ትልኪያለሽ። ካሜራው ላፕቶፑ ለስራ የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቀነስልሻል፣ ደረሰኝ እንዳትጥይ።

የቡሬው፦
ወንድሜ ጀርመን ነኝ እኮ አለችህ። እዚህ ጋዜጠኝነት ነጻ ሙያ ስለሆነ ንግድ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ለታክስ ቢሮው ኤልስተር በሚባለው የኢንተርኔት ገጹ ፎርም ከሞላሽ የታክስ ቁጥር ይሰጡሻል። እሱን ስላገኘሽ ግን ሌላው ተስተካከለ እንዳይመስልሽ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያየው የውጭ ዜጎች ቢሮ ነው። መጀመሪያ እነሱ ጋ ጻፊ፣ የመኖሪያ ህጉ አንቀጽ 21 ንኡስ 6 በሌላ ምክንያት ፈቃድ ያለው ሰው ያንኑ እንደያዘ በግሉም እንዲሰራ ሊፈቀድለት ይችላል ይላል፣ የመጽሄቱን ኢሜይል አያይዥበት። አሰሪሽንም በጽሁፍ አሳውቂ። እስኪፈቅዱልሽ ኢንቮይስ የሚባል እንዳትልኪ።

የሞጣዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ጊዜ ይፈጅ ይሆን? የሚታተመው በሚቀጥለው ወር ነው።

እናርጅ ቶሮንቶ፦
ልጄ ጎበዝ ነሽ፣ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ለፈረንጅ ጭቃ ቤት ማሳየቱ ምን ይጠቅመናል? እኔ እዚህ በብርድ ሌሊት ሌሊት ሰርቼ ብር ስልክ የኖርኩት እናቴ ከዛ ቤት እንድትወጣ ነው። ክረምት ባፈሰሰ ቁጥር ከእንቅልፋችን ተነስተን ድስት እየደቀንን ነው ያደግነው። እነሱ ስለኛ የሚያውቁት ረሃቡን ነው፣ አሁን ደግሞ ጭቃውን ጨምሪላቸው። መርጡለ ማርያም ሄደሽ እቴጌ እሌኒ ያሰራችውን የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ ጥርብ ለምን አታሳያቸውም?

የሞጣዋ፦
ጋሼ መርጡለ ማርያምንም እጽፈዋለሁ። ግን የእናቴ ቤት የሚያሳፍር አይደለም። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ከቦካ በኋላ ነው የሚመረገው፣ ምርጊቱ ወፍራም ስለሆነ ቀን ፀሐይ አያስገባም ሌሊት ብርድ አያስገባም። መደቡ ከግድግዳው አብሮ የወጣ ነው፣ ጠርዙ በእበት እየተለቀለቀ ከመለስለሱ የተነሳ ሹል ነገር እጅዎን አይነካም፣ ጀርባ የሚያርፍበት ቦታ ከመቀመጥ ብዛት ጎድጎድ ብሏል። ይሄን እዚህ ያሉ አርክቴክቶች ቢያገኙት ሙያ ብለው ነው የሚማሩት። ወንድሜ ግን እሱን አፍርሰን ባለ መስታወት ቪላ እንስራ ብር ላኪ ብሎ በየሳምንቱ ይደውላል፣ ምን እንደምለው ጨንቆኛል።

ዘጌ፦
እኔን አስለቀሳችሁኝ፣ አያቴ ቤት ዝናብ ሲዘንብ ሣሩ ላይ ድምጹ አይሰማም ነበር፣ አሁን ሄጄ ቆርቆሮው ስር ተኝቼ በክረምት ሌሊት ሰው የሚለው አልሰማ አለኝ። ግን ደግሞ እንተዛዘን፣ ገበሬው ቆርቆሮ የሚያለብሰው ሣር ንቆ አይደለም፣ ግጦሹ ታርሶ የክዳን ሣር ከየት ይምጣ? የባህር ዛፉንም ምስጥ ይበላዋል፣ በየጊዜው ማገር መቀየር ደሞ ያደክማል።

እናርጅ ቶሮንቶ፦
እሱን ነው የምላችሁ! ድካሙ እናቶቻችን ላይ ነው፣ ውበቱን የምታወሩት ራዲያተር ቤት ተቀምጣችሁ ነው።

ዳሞት ቨርጂኒያ፦
ጋሼ እውነት አላቸው። እህቴ ለወንድምሽ ቪላ የሚሆን ብር አትላኪ፣ ለእናትሽ ክዳን ማደሻ ላኪ፣ እጃቸው ላይ መድረሱን አረጋግጪ።

የቡሬው፦
ለቢሮው ጻፍሽ ወይ? የት ከተማ እንዳለሽ ንገሪን፣ ቀጠሮው እንደየከተማው ይለያያል።

እናርጅ ቶሮንቶ፦
ቆይ፣ ፎቶው ላይ እናትሽ አሉበት? ጠይቀሻቸዋል?

የሞጣዋ፦
ጠይቄያታለሁ ጋሼ። ቤቱን አንሺው፣ እኔን ግን ነጠላዬን ሳልቀይር እንዳታነሺኝ አለችኝ። ካስል ነኝ፣ ዛሬ ማታ ኢሜይሉን እጽፋለሁ፣ ጀርመንኛውን የሚያይልኝ ሰው ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።

እናርጅ ቶሮንቶ፦
እሳቸው ካሉ እኔ ምን አግብቶኝ። ግን ማፍሰሱንም ጻፊው፣ ውበቱን ብቻ ጽፈሽ እንዳትተይው።