ክርክር፦ ባህር ዳር ላይ የመንገድ ዳር ቅባትና ኮስሞቲክስ ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የዚህ ሳምንት ክርክር ብዙዎቻችሁ ስትነታረኩበት የነበረው ነው። ከጊዮርጊስ አካባቢ ጀምሮ እስከ ገበያው፣ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) በር ላይም ጭምር፣ ጠረጴዛ ዘርግተው ወይ ላስቲክ አንጥፈው ቅባት፣ ሎሽን፣ ሊፕስቲክ ምናምን ሚሸጡ ልጆች አሉ። የፊትና የቆዳ ቅባት መንገድ ላይ መሸጥ ጭራሽ ይከልከል ወይስ አይከልከል? ስድብ የለም፣ በሰው መልክ መቀለድ የለም፣ ማስታወቂያም የለም። ጀምሩ።

ሲስተር፦ ይከልከል ባይ ነኝ። ቆዳ ህክምና ክፍል ነው ምሰራው፣ ሚመጡት ልጆች ታሪክ አንድ አይነት ነው። መጀመሪያ ማዲያት ወይ የብጉር ጠባሳ ነበረባት፣ ጓደኛዋ ወይ ሻጩ አንድ ቱቦ ሰጣት፣ በጥቂት ሳምንት ፊቷ ጠራ፣ ሰው ሁሉ ምን ተቀባሽ አላት፣ ከዛ ስታቆመው ፊቷ በርበሬ መሰለ አቃጠላት ብጉር ወረራት፣ ደንግጣ መልሳ ተቀባችው፣ በቃ ካለሱ መኖር አቃታት። ቱቦው ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይ ቤታሜታሶን ነው፣ ስቴሮይድ። ሐኪም ለኤግዚማ ምናምን ለአጭር ጊዜ ሚያዘው መድኃኒት ነው እንጂ ፊት ላይ ጠዋት ማታ ሚቀባ ሎሽን አይደለም፣ ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ስር ያወጣል፣ አንዳንዷማ ፊቷ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ሃይድሮኪኖን ሚባለውም አለ፣ እሱ ለማዲያት በክትትል ለተወሰነ ወር ይሰጣል፣ ለአመታት ከተቀባ ግን እንዲያቀላ የተገዛው ነገር ራሱ ፊትን ሰማያዊ ጥቁር ያደርገዋል፣ ያንን መመለስ ደሞ ጭንቅ ነው። ሜርኩሪ ያለበት የባሰ ነው፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ እርጉዝ ከሆነች ለፅንሱም ይተርፋል። አንድ ምልክት ያዙ፣ እቃው ላይ ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ ሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላልና አስቀምጡትና ሂዱ። ይሄ ሁሉ ከቫዝሊን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ፀሀይ ሲመታው ይውላል፣ እንዴት አይከልከል ትሉኛላችሁ?

የጠረጴዛው ልጅ፦ ሲስተር አክብሬሽ ነው ምናገረው። እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ምሰራው፣ እሱን ሸጬ ነው ቤት ኪራይ ምከፍለው እህቴንም ማስተምረው። ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ሚሸጠው ምን መሰለሽ፣ ትንሿ ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ የከንፈር ቅባት፣ ሳሙና፣ የፀጉር ቅባት፣ ጥፍር ቀለም። ሱቅ ገብታ ዋጋ ለመጠየቅ ምታፍር ልጅ እኔ ጋ ቆማ አሽትታ አገላብጣ ተከራክራ ትገዛለች፣ ባትገዛም ማንም አይገላምጣትም። ያ ሚያቀላው ነገር የለም አልልም፣ አንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ግን ለሱ ተብሎ ሁላችንም እንነሳ ማለት ምን ማለት ነው?

እትዬ፦ እኔ ይከልከል ነው ምለው፣ ግን በሲስተር ምክንያት አይደለም። ለምን ያስፈልጋል ራሱ? በኛ ጊዜ ለፀጉር አደስ የገባበት ቅቤ፣ ለቃጠሎ እሬት፣ ለገላ ወይባ ጢስ፣ ልብስ በእንዶድ። ፊታችንን በውሃ ታጥበን አምሮብን ነው የተዳርነው። አሁን ልጁ ዳቦ ሳይገዛ ክሬም ይገዛል፣ ሴቱ አልበቃ ብሎ ወንዱም ጀምሯል አሉ።

ፏ በይ፦ እትዬ እርስዎን መከራከር ይከብዳል ግን ይቅርታ ያርጉልኝ፣ በእርስዎ ጊዜም ዝነጣ ነበረ እኮ 😄 አንገት ሙሉ ንቅሳት፣ ድድ ተነቅሶ ጠቁሮ፣ ኩል፣ እንሶስላ፣ ሹሩባ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መሰራት። ያ ሁሉ ህመምና ጊዜ ለምን ነበር ለማማር አይደለም? እኔ ደሞዜን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ግን ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ከቦንዳው ክምር ውስጥ አንድ ሸሚዝ መርጬ፣ ሰፊ ጋ ወገቡን አስጠብቤ፣ ፊቴን ታጥቤ ቫዝሊን ነካ አድርጌ ሀይቅ ዳር ስወጣ ማንም ሀብታም ሚሰማው ስሜት ይሰማኛል። ለጥምቀት ወንዶቹ የጎጃም ቁምጣቸውን አጥልቀው ሲወጡ ምን አይነት ኩራት እንዳለ ታውቁታላችሁ፣ ያ ኩራት በአመት አንዴ ብቻ ለምን ይሁን? ድሀ ነሽና ደረቅ ፊት ይዘሽ ዙሪ ሚል ህግ የት አለ።

እትዬ፦ ንቅሳቱን እንኳ ተይው፣ እናቴ ናት ይዛ ያስነቀሰችኝ። ግን እሱ አንዴ ተነቅሰሽ ነው፣ በየወሩ ብር አያወጣም።

ፏ በይ፦ 😂😂 እሺ ይሄኛው ገባኝ

ባጃጅ ሹፌር፦ ወንዱም ጀምሯል ለተባለው እኔ አንዱ ነኝ፣ አላፍርበትም። ባጃጅ በር የለውም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሀይና አቧራ በሁለቱም ጎን ነው ሚገባው። ባህር ዳር ቆላ መስላችሁ ከሆነ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለነው፣ አልትራቫዮሌት ሚሉት ጨረር በየ 1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል ሲባል ሰምቼ ነው ቅባት መቀባት የጀመርኩት። ተርታ ላይ ሴታ ሴት ብለው ሳቁብኝ፣ አሁን ግን እነሱ ራሳቸው ከንፈራቸው ሲሰነጠቅ አምጣ ብለው ይቀቡታል። ጠረጴዛው ይነሳ ካላችሁ እኔ ስራ ላይ እያለሁ የት ቆሜ ልግዛ? እሱን ንገሩኝ።

ፋርማሲስት፦ አንድ ነገር ላንሳ፣ የሙያ ጓደኞቼ ላይወዱኝ ይችላሉ። ሲስተር ያልሻቸው ቱቦዎች እኮ መነሻቸው ጠረጴዛ አይደለም፣ መድኃኒት ናቸው፣ በማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለባቸው ናቸው፣ ግን ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ ወርደው ሲሰጡ ስንቴ አይተናል? ልጅቷ ገብታ ያቺን ፊት ምታጠራዋን ስጡኝ ትላለች፣ ቱቦዋ ትሰጣታለች፣ አለቀ። ጠረጴዛውን አንስታችሁ የፋርማሲውን የመስታወት በር ክፍት ከተዋችሁት ምን ሰራችሁ? እንደውም መስታወት ውስጥ ሲሆን ሰው ይበልጥ ያምነዋል። ስለዚህ አይከልከል፣ ሚከለከለው እቃው እንጂ ቦታው አይደለም።

ሲስተር፦ ፋርማሲው ላይ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን ፋርማሲ ፈቃድ አለው፣ ጥፋት ቢገኝበት ሚጠየቅ ሰው አለ፣ ጠረጴዛው ነገ ሌላ ቦታ ነው። ደሞ ሙቀቱን እርሱት እንዴ? ክሬም ቀኑን ሙሉ ፀሀይ ላይ ሲቀመጥ ዘይቱና ውሃው ይለያያል፣ ሰንስክሪን (የፀሀይ መከላከያ ቅባት) ከሆነማ ጉልበቱን ያጣል፣ ልጅቷ ተከላክያለሁ ብላ ትቃጠላለች። ግሊሰሪኑንም ከትልቅ ጀሪካን ወደ ትንንሽ ጠርሙስ እየገለበጡ ሚሸጡ አሉ፣ ጠርሙሱ ምን እንደነበረበት ማን ያውቃል?

የጠረጴዛው ልጅ፦ ግሊሰሪን እኔ አልገለብጥም፣ ታሽጎ የመጣውን ነው ምሸጠው። ስለ ፀሀዩ ግን ልክ ነሽ፣ ጃንጥላ አለኝ ግን ከሰአት በኋላ ፀሀዩ በጎን ይገባል።

የሽምብጥ እናት፦ ሁላችሁም ስለ ማቅላት ነው ምታወሩት፣ እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። ልጄ አልቢኖ ናት። ለሷ ሰንስክሪን ውበት አይደለም፣ ቆዳዋ ውስጥ ከፀሀይ ሚከላከለው ቀለም የለም፣ ካልተቀባችና ካልተሸፈነች የቆዳ ካንሰር ነው ሚጠብቃት። ይሄን ነገር ግን ጉምሩክ ሄዳችሁ ብታዩ በአለም አቀፉ የእቃ ምደባ ቁጥር 33.04 ላይ ከከንፈር ቀለምና ከጥፍር ቀለም ጋር አንድ መስመር ውስጥ ነው የተፃፈው። በጥቅምት 2015 መንግስት 38 አይነት እቃ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድለት ሲያደርግ ኮስሞቲክስ አንዱ ነበር፣ እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ማለት ነው። ሌላው ሰው ሽቶ ቀረበት፣ እኔ ግን ፋርማሲ ለፋርማሲ እየዞርኩ እለምን ነበር። ስለዚህ ኮስሞቲክስ ቅንጦት ነው ይከልከል ስትሉ ምን ምን አብሮ እንደሚሄድ እዩልኝ እላለሁ። ጠረጴዛ ላይማ ሰንስክሪን ብዙም አላየሁም፣ ባየውም ሲስተር ባለችው ምክንያት አልገዛም። ልጄ ትልቅ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ነው ምትለብሰው፣ ኮፍያውን እሷው ናት ምትመርጠው፣ ሀምራዊ ካልሆነ አይሆንም ብላኛለች 😊

ባጃጅ ሹፌር፦ እናቴ ልጅሽን ያሳድግልሽ። አንድ ጥያቄ፣ ለኛ አይነቱ ሰንስክሪኑ ላይ ሚፃፈው ቁጥር ስንት ነው ሚበቃው? 15 አለ 30 አለ 50 አለ 100ም አይቻለሁ

የሽምብጥ እናት፦ ልጄን ሚያያት ሐኪም ለሷ 50 ነው ያዘዘልን፣ ለናንተ 30 ከበቂ በላይ ነው ብሎኛል፣ 30 ያለው ሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ገደማ ያስቀራል፣ ከዛ በላይ ያለው ጭማሪው ትንሽ ነው። ዋናው በስሱ አትቀባው፣ ላብ ካጠበህ ደሞ ድገመው፣ በየሁለት ሰአቱ ነው ሚባለው። ብር ካነሰህ ፊትህንና አንገትህን ብቻ ቀባ፣ ክንድህን በሸሚዝ ሸፍን።

እትዬ፦ እሬቱ ግን ምን አደረጋችሁ? ሎሚም አለ፣ ፊት ያጠራል።

ሲስተር፦ እትዬ እሬቱን ይቀቡ፣ ቆዳዎ ካላሳከከው ችግር የለውም። ሎሚውን ግን በፍፁም፣ ሎሚ ተቀብቶ ፀሀይ ላይ መውጣት ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ውሃ ይቋጥራል ከዛ ለወራት ጠቁሮ ይቀራል። ለማዲያት ብለው ሎሚ ተቀብተው ብሶባቸው ሚመጡ ብዙ ናቸው። ለደረቅ ቆዳ ርካሹ ነገር ቫዝሊን ነው፣ ግን ደረቅ ፊት ላይ አይለጠፍም፣ ታጥበሽ ሳይደርቅ እርጥቡ ላይ ስስ አርገሽ ነው፣ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ብጉር ያለበት ፊቱ ላይ ባያበዛው ይሻላል። ግሊሰሪንም ንፁሁን አትቀቡ ውሃ ቀላቅሉበት፣ በተለይ በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ሲሆን።

ፏ በይ፦ እየውልሽ ሲስተር፣ ይከልከል ያልሽው ሴትዮ ቫዝሊን አጠቃቀም እያስተማርሽን ነው 😄

ሲስተር፦ ቫዝሊን ይከልከል አላልኩም!! የሚያቀላው ነው ያልኩት

ፏ በይ፦ ጥያቄው እኮ እሱ አይደለም፣ ጥያቄው ጠረጴዛው ነው

ውበት በቀላሉ፦ 🔥🔥 ጥቁረት ቻው! ማዲያት ቻው! ከውጭ የመጣ ኦርጅናል፣ በአጭር ጊዜ ቀይ ዳማ ሚያደርግ ክሬም ከነ ሳሙናው፣ ባህር ዳር ውስጥ ያለ ክፍያ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን፣ ኢንቦክስ ያድርጉ 🔥🔥

ያልታወቀ አባል፦ ዋጋ?

ሌላ አባል፦ ዋጋውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ

አወያይ፦ ኧረ በስመአብ! ማስታወቂያ የለም ብዬ አልጀመርኩም? ፖስቱን አጠፋዋለሁ፣ አካውንቱንም አስወጣለሁ።

ፋርማሲስት፦ አታጥፋው አንተ ልጅ፣ ለክርክሩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ስም የለው፣ ፊት የለው፣ ምን እንደያዘ አልተፃፈ፣ ይሄው ሁለት ሰው ዋጋ ጠየቀ። ስለ ስቴሮይድ ያን ሁሉ አንብበው ነው ደሞ።

የጠረጴዛው ልጅ፦ እኔ ላይ ሚያቀላ ክሬም ብታገኙ ነገ መጥታችሁ ትይዙኛላችሁ፣ ፊቴን ታውቁታላችሁ፣ የት እንደምቆም ታውቁታላችሁ። ይሄንን በየትኛው ደንብ ነው ምታነሱት?

ሲስተር፦ እሱን እኔም አላውቅም። ግን አሁንም ከሃሳቤ አልወረድኩም። ቢያንስ ቱቦ ሚባል ነገር፣ ካርቶኑ የሌለው፣ ምን እንዳለበት ያልተፃፈበት፣ ቀኑ የተፋቀ፣ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ለቫዝሊኑና ለሳሙናው ጥላ ያለው ቦታ ከተሰጣችሁ አልቃወምም።

የጠረጴዛው ልጅ፦ ጥላ ያለው ቦታ ከሰጡኝማ እኔ ራሴ ነኝ ጠረጴዛውን ተሸክሜ ምሄድ። ያለ ካርቶን ቱቦ ምትለው ላይ እስማማለሁ፣ ጎረቤቴ ግን አይስማማም፣ ትርፉ እሱ ላይ ነው።

እትዬ፦ ልጄ ያቺ የከንፈር ቅባት ስንት ነው? ለልጅ ልጄ ነው።

አወያይ፦ እትዬ 😂 ማስታወቂያ የለም ብያለሁ፣ እዛው ሄደው ይጠይቁት። ድምፅ መስጫውን ከታች አድርጌዋለሁ፣ እስከ እሁድ ክፍት ነው።