የጠረጴዛዎቹ ጎማ ተነቀለ፣ ነገ ልጆች ይመጣሉ!

የቅዳሜ መምህርት፦ እባካችሁ ቶሎ! ከአንድ ቢሮ የተጣሉ 6 ጠረጴዛዎች ለምነን ነበር። ለልጆቹ ቁመት እንዲሆኑ እግራቸውን አስቆርጠን ከሥር ጎማ አስገጠምን። ዛሬ ስንገፋቸው 3 ጎማ ወለቀ። ብሎኑን መልሼ ባጠብቀው ዝም ብሎ ይዞራል። ምን ላድርግ?

ቀናው ሚስማር፦ ቀላል ነው እህቴ። ጉድጓዱ ውስጥ የክብሪት እንጨት በኮላ ጠቅጥቂና ብሎኑን መልሺው።

ጋሽ መጋዝ፦ ቆይ ልጄ። ጠረጴዛው ምንድን ነው? ዋንዛ ነው ቺፕውድ? የዛሬ ሰው ሁሉንም «እንጨት» ይላል። እኛ ሥራ ስንለምድ መጀመሪያ እንጨት ያሸትቱን ነበር።

የቅዳሜ መምህርት፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ቺፕውድ ነው። እግሩም እንደ ግድግዳ ወጥ ነው።

ጋሽ መጋዝ፦ አዬ! ቺፕውድ በኮላ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው። በተቆረጠው ጠርዙ በኩል ብሎን ብታስገቢ ይፈረፈራል እንጂ አይጨብጥም።

ፍልጥ፦ ክብሪትና ኮላ ሞክሪ። የኔ ቤት በር ላይ ሠርቷል።

ጋሽ መጋዝ፦ በርህ ጣውላ ስለሆነ ነዋ!

ሰፈርተኛው፦ ቆይ፣ ጎማ ለምን አስፈለገ? ልጆች ናቸው፣ ሲገፋፉበት ይውላሉ። ተሸክሞ ማዞር አይሻልም?

የቅዳሜ መምህርት፦ አዳራሹ የዕድር ነው። ቅዳሜ የኛ፣ እሁድ የስብሰባ። በየሳምንቱ ስንሸከም ወገባችን ተቆረጠ። ደግሞ ልጆቹ አንዴ በቡድን፣ አንዴ በረድፍ ነው የሚቀመጡት።

ዝምተኛ፦ በረባሶ አጫሟቸው 😄 ቀልዴን አይደለም። ለነገ ጎማዎቹን ሁሉንም ንቀይ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠሽ እግሩ ሥር በማስቲሽ ለጥፊ። ሁለቱንም ወገን ቀቢ፣ ትንሽ ደረቅ ሲል ተጫኚው። አይንሸራተትም፣ ወለልም አይቧጭርም።

ጋሽ መጋዝ፦ ለነገ ይሁን። ለዘለቄታው ግን በእግሩ ውስጠኛ ወገን፣ ታች ጠርዙን ይዞ ሞራሌ (ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) ይጋደም። ብሎኑ ቺፕውዱንና ሞራሌውን በስቶ ይለፍ፣ ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) ገብቶለት በዳዶ ይታሰር። ጎማው ሞራሌው ላይ ይመታ። ከ4ቱ ጎማ ቢያንስ 2ቱ ፍሬን ይኑራቸው፣ አለዚያ ልጆቹ ሲጽፉ ጠረጴዛው ይሄዳል።

የቅዳሜ መምህርት፦ ሞራሌ በዚህ ሰዓት ከየት ይመጣል?

ዝምተኛ፦ ሰፈር ውስጥ የተሰበረ አልጋ ጠፍቶ ነው? ርብራቡ የሚያርፍበትን ነቅለሽ ውሰጂ።

ፍልጥ፦ ክብሪቱንስ ሞከርሽው?